ደሴ ላይ ለሞተር ሳይክል የሚጠቅመው የቤንዚን አዲቲቭ የትኛው ነው?

ፒያሳ አካባቢ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ «ሞተሬ ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት ስወጣ ጉልበት ያጥረዋል» ያለ ሰው ባዶ እጁን አይወጣም። «አብሽር ወንድሜ፣ ይህቺን ቤንዚኑ ላይ ጠብ አርግባት» ይባልና አንድ ትንሽ የአዲቲቭ፣ ማለትም ቤንዚን ላይ የሚጨመር ፈሳሽ፣ ጠርሙስ ይሰጠዋል። ጠርሙሱ ላይ ኦክቴን ይጨምራል፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ያጸዳል፣ ውሃ ያስወግዳል፣ ቤንዚን ይቆጥባል የሚለው ሁሉ በአንድነት ተጽፏል። አንድ ፈሳሽ ይህን ሁሉ እኩል አይሠራም። ኦክቴን የሚጨምረው ንጥረ ነገር ሌላ ነው፣ የሚያጸዳው ሌላ፣ ውሃ የሚያነሳውም ሌላ። ስለዚህ ጠርሙስ ከመምረጥ በፊት ሞተሩ ምን እንደሚያመው መለየት ይቀድማል። ደሴ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ያለው ከቤንዚኑ ሳይሆን ከአየሩ ዘንድ ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከአምስት እጅ አራቱ ይገኛል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ሳይክል ከፋብሪካ ሲወጣ የቤንዚን መምጫ ቀዳዳው የተለካው በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ አየር ነው። ደሴ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ግን በዚያው መጠን አይቀንስም። ከአየሩ ጋር ሲመዛዘን ከ10 በመቶ በላይ ትርፍ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ይገባል። ትርፉ በደንብ አይቃጠልም፣ ጥቀርሻ ይሆናል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ያጨሳል፣ ጠዋት በብርድ አልነሳም ይላል፣ ቤንዚን ይበላል። ማንኛውም ጠርሙስ ይህን አያስተካክልም፤ ምክንያቱም የሚያስፈልገው የሚጨመር ሳይሆን የሚቀነስ ነገር ነው።

ለማረጋገጥ ካንዴላውን አንብቡ። ቢያንስ 20 ደቂቃ ከነዳችሁ በኋላ መኪና የማይበዛበት ዳገት ላይ፣ ጋዝ እንደሰጣችሁ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉና ዳር ቁሙ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው፣ እየሠራ ከቆየ በኋላ የወጣ ካንዴላ ሁልጊዜ ጥቁር ስለሚመስል ያታልላል። ሲቀዘቅዝ ፈትታችሁ ነጩን ሸክላ እዩ። ማኪያቶ የመሰለ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ልክ ነው። እንደ ድስት ቂጥ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ጥቁር ሆኖ ከረጠበና በጣት ሲነካ ከቀባ ዘይት ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ነገሩ የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማ ነው። ወደ ነጭ ካደላ ቤንዚን አንሷል፣ ሞተሩ ይግላል።

ደረቅ ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አጽዱ፤ የቦርከና ሜዳ አቧራ የደፈነው ፊልትሮ ልክ እንደ ከፍታው ያደርጋል። ከዚያ ወደ ካርቡሬተሩ። የሚኒሞውን ድብልቅ የምታስተካክለዋ ትንሽ ብሎን በፊልትሮው በኩል ካለች አየር ነው የምትቆጣጠረው፣ ወደ ውጭ ስትፈታ ቤንዚን ይቀንሳል። በሞተሩ በኩል ካለች ቤንዚን ነው የምትቆጣጠረው፣ ወደ ውስጥ ስትጠብቅ ነው የሚቀንሰው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና ያባብሰዋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያዞራችሁ ሚኒሞው ከፍ ብሎ የሚረጋበትን ቦታ ፈልጉ። ለመካከለኛ ጋዝ የካርቡሬተሩን መርፌ ቅንጥብ አንድ ቦይ ወደ ላይ አድርጉ፤ መርፌዋ ዝቅ ትልና ቤንዚን ይቀንሳል። ሙሉ ጋዝ ላይ አሁንም ከከበደው፣ ጄት የምትባለውን ቀዳዳ ያላት የነሐስ ብሎን በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር በምታንስ ለውጡ። የድሮዋን ግን አትጣሉ። በባቲ አድርጋችሁ ወደ ሚሌ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ለደሴ የተቀነሰው ቤንዚን እዚያ ያንሳል፣ ሙቀቱ ተጨምሮበት ፒስተን ያቃጥላል። የፋብሪካዋን ጄት በፕላስቲክ ጠቅልሎ መቀመጫ ሥር ማስቀመጥ ነው። ኢንጄክሽን ያላቸው አዳዲስ ሞተሮች የአየሩን ግፊት ራሳቸው ስለሚለኩ ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም።

ገንዘቡን የሚመልሰው አንዱ

ሞተሩ በደንብ ተስተካክሎ፣ ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ቀስ በቀስ ለደከመ ሞተር በእርግጥ የሚጠቅመው ማጽጃው ነው፤ እሱም ፖሊኢተር አሚን፣ በአጭሩ ፒኢኤ (PEA)፣ ያለበት። ይህ ንጥረ ነገር ሙቀት ስለሚችል ኢንጄክተር ጫፍ ላይና ማስገቢያ ቫልቭ ላይ ብቻ ሳይሆን ፒስተን ራስ ላይ የተጋገረውንም ካርቦን ያነሳል። ፖሊአይሶቡቲሊን አሚን የሚባለው ርካሽ ዘመዱ ቫልቩን ያጸዳል እንጂ የቃጠሎ ክፍሉን አያጸዳም፣ እንዲያውም እዚያ የራሱን ዝቃጭ ሊጨምር ይችላል። አብዛኛው ይዘታቸው ነጭ ጋዝ መሰል ሟሚ ብቻ የሆነም ብዙ ነው። ስለዚህ የፊት ለፊቱን ሥዕል ትታችሁ የጀርባውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ፤ የንጥረ ነገሩ ስም ካልተጻፈ ይዘቱን መገመት ነው የሚቀራችሁ።

ጉዳቱ የሚመጣው ከመጠኑ ነው። ጠርሙሶቹ የተለኩት ለመኪና ነው። ለምሳሌ የሼቭሮን ምርት የሆነው ቴክሮን 355 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ የሚበቃው ለ45 ሊትር ቤንዚን ነው፤ በሊትር 8 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። 10 ሊትር ለሚይዝ ሞተር ሳይክል 80 ሚሊ ሊትር በቂ ነው። ጠርሙሱን በሙሉ የደፋበት ሰው አራት እጥፍ ነው የጨመረው። ያልተቃጠለው ማጽጃ በፋሻው ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ዘይቱን ያቀጥናል። የቀረውን ክዳኑን አጥብቃችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማጽጃውን የምትጨምሩት ዘይት መቀየሪያው ሲቃረብ፣ 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ይሁን፤ ወደ ዘይቱ የወረደው ቆሻሻ ከዘይቱ ጋር አብሮ ይውጣ። ዘይቱን ዛሬ ቀይሮ ነገ ማጽጃ መጨመር አዲሱን ዘይት ማበላሸት ነው። ታንከሩ ያረጀ ከሆነ መጀመሪያ ቤንዚኑን ገልብጣችሁ ታቹን በባትሪ መብራት እዩ። ዝገት ወይም ጭቃ ካለ ሳታጥቡ ማጽጃ አትጨምሩ። ማጽጃው ለዓመታት የተጣበቀውን ሁሉ ያላቅቅና 50 ኪሎ ሜትር ሳትሄዱ የቤንዚን ፊልትሮውን ይደፍነዋል፤ ሞተሩ ሐረጎ መሐል እየተንገራገጨ ይቆማል፣ ሰውም «መድኃኒቱ ገደለብኝ» ይላል። አዲስ የቤንዚን ፊልትሮ አስገቡ፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ከዚያ ከፋርማሲ በተገዛ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አራት ጊዜ ለክታችሁ ባዶ በተቃረበው ታንከር ውስጥ ጨምሩና ማደያ ሄዳችሁ ሙሉ አስሞሉ። በላዩ የሚወርደው ቤንዚን ያዋሕደዋል። ሲሪንጁ የጎማ ጫፉ በቤንዚን ስለሚያብጥ ለአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነው።

ከሞሉ በኋላ ሰፈር ውስጥ ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር መመላለስ አያጸዳም። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሞቆ መቆየት አለበት። ደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ መመለሻውም ዳገት ስለሆነ፣ ለዚህ የተሠራ መንገድ ይመስላል። ታንከሩ ሪዘርቭ እስኪደርስ ንዱ፣ ከዚያ ዘይት ቀይሩ። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አንድ ጊዜ ይበቃል፣ በየሙሌቱ ጠብ ማድረግ ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ማጽጃ የማይችለውም አለ። ለወራት ቆሞ የሚኒሞ ጄቱ በደረቀ ቤንዚን ሙጫ የተደፈነ ካርቡሬተር በጠርሙስ አይከፈትም። ቀዳዳዋ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ታንሳለች፤ ስትደፈን ቤንዚን አያልፍባትም፣ ቤንዚን ካላለፈባት ማጽጃውም አይደርስም። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በቾክ ይነሳል፣ ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል፣ ጋዝ ከተሰጠው ግን ይሄዳል። የካርቡሬተሩን ታችኛ ኩባያ ፈትታችሁ ጄቷን አውጡ፣ ማጽጃ ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩና ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩባት። ክብ ብርሃን መታየት አለበት። ካልታየ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ወይም ከኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር አሳልፉ፣ ከዚያ ጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር አስነፉባት። የብረት ሽቦ ወይም የስፌት መርፌ ግን ቀዳዳዋን ያሰፋል፤ የሰፋች ጄት ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ቤንዚን ታበዛለች።

ኦክቴን መጨመሪያ

ይህ በብዛት የሚሸጠውና ደሴ ላይ በትንሹ የሚያስፈልገው ነው። ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ ፈንድቶ እንዳይንኳኳ የመቋቋም አቅሙ ነው እንጂ ጉልበት አይደለም። ከተማችን ውስጥ የሚሠሩት ከ100 እስከ 200 ሲሲ ሞተሮች አብዛኞቹ የመጭመቂያ መጠናቸው ከ9 እስከ 10 ለ1 ነው፣ በተራ ቤንዚን እንዲሠሩ የተነደፉ ናቸው። በዚያ ላይ ከፍታው የሚጨመቀውን አየር ይቀንሰዋል፤ የሚንኳኳ ሞተር እንኳ ደሴ ሲወጣ ይረጋጋል። በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች ማደያዎች ሌላ ቦታ 87 የሆነውን ተራ ቤንዚን 85 አድርገው የሚሸጡት በዚሁ ምክንያት ነው። የእነሱ ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ስትሆን ደሴ ከዚያ በ900 ሜትር ያህል ትበልጣለች።

የጠርሙሱ አጻጻፍም ያሳስታል። «5 ፖይንት ይጨምራል» የሚለው ብዙ ጊዜ 0.5 ኦክቴን ማለት ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር አንዱ ፖይንት የአንድ ኦክቴን አንድ አሥረኛ ነው። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ የማንጋኒዝ ወይም የብረት ውሕድ ይጠቀማሉ። ሁለቱም ካንዴላው ላይ ቀላ ያለ ዝቃጭ ይተዋሉ። በተለይ ፌሮሲን የተባለው የብረት ውሕድ የሚተወው ዝቃጭ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ብልጭታው በሸክላው ላይ ሾልኮ ይጠፋል፣ ሞተሩም ይሳሳታል። ካንዴላችሁ የሸክላ ጡብ ቀለም ከያዘ የጨመራችሁትን ጠርሙስ ጠርጥሩ።

ከኮምቦልቻ ሰው ጭናችሁ ስትወጡ በከባድ ማርሽ ብረት በብረት እንደመታ ድምፅ ከሰማችሁ መጀመሪያ ማርሽ ቀንሱ። ከቀጠለ የተጋገረ ካርቦን ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው በፒኢኤ ይጸዳል፣ ሁለተኛው ንጹሕ ቤንዚን በመቅዳት ይስተካከላል።

አንድ አደገኛ ስሕተት ግን አለ። ለናፍጣ የተሠራው ሴቴን መጨመሪያ ከቤንዚኑ ጠርሙስ ጎን፣ በተመሳሳይ ቀለም ይደረደራል። ሥራው ነዳጁ ቶሎ በራሱ እንዲቀጣጠል ማድረግ ነው፣ ለቤንዚን ሞተር የተገላቢጦሽ። ከመክፈላችሁ በፊት ለቤንዚን መሆኑን ጽሑፉ ላይ አረጋግጡ።

ውሃ

በክረምት ውሃ ወደ ታንከሩ የሚገባው በዋናነት ጎማው ባረጀ ክዳን በኩል፣ ሲታጠብና ከጀሪካን ሲቀዳ ነው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ ከዚያ ወደ ካርቡሬተሩ ኩባያ ይወርዳል። ሞተሩ ደህና ሲሄድ ቆይቶ በድንገት ይንተፋተፋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የኩባያውን ማፍሰሻ ብሎን በካቻቢቴ ፈታ አድርጋችሁ የሚወርደውን በመስታወት ብርጭቆ ተቀበሉ፣ ለአንድ ደቂቃ አስቀምጡት። ውሃ ካለ ከሥር እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይታያል። አንድ የሻይ ማንኪያ የሚሞላ ካለ መድኃኒት አትፈልጉ፣ ታንከሩን ገልብጡ። የክዳኑን ጎማም ለውጡ፣ አለዚያ በሚቀጥለው ዝናብ ይመለሳል።

ጥቂት ጠብታ ብቻ ከሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ከቤንዚኑ ጋር አዋሕዶ ያሳልፈዋል። መጠኑ በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ነው፣ ከዚያ አይለፍ። ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጠው 70 በመቶው አልኮል ግን አይሆንም፤ ቀሪው 30 በመቶ ራሱ ውሃ ነው። የእጅ ሳኒታይዘር ደግሞ ግሊሰሪን አለበት፣ እሱ በደንብ አይቃጠልም፣ ጄት ይደፍናል። 99 በመቶ የሚል ካላገኛችሁ ተዉት።

ቤንዚኑ ራሱ ኤታኖል ካለበት ነገሩ ይለያል። በአገራችን ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በ5 በመቶ ተጀምሮ ነበር። ኤታኖል ጥቂት ውሃ ይዞ ይሄዳል፣ ሲበዛበት ግን ከቤንዚኑ ተለይቶ ከውሃው ጋር ታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ታንከሩን ከመገልበጥ ሌላ መላ የለውም። ለመለየት መስመር ባለው ቀጭን ጠርሙስ 90 ሚሊ ሊትር ቤንዚንና 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምራችሁ ነቅንቁ፣ አስቀምጡት። የታችኛው ንብር ከ10 ከበለጠ ኤታኖል አለበት።

በሃይላንድ የተቀዳ ቤንዚን

ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ይገዛል። ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ከሆነ ኦክቴኑ ይወርዳል፣ ያጨሳል፣ ያልተቃጠለው ወደ ዘይቱ ይወርዳል። አዲቲቭ ይህን አይመልሰውም። ከመቅዳታችሁ በፊት አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ተንኖ ወረቀቱ እንደነበረ ይሆናል፤ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ካለበት ቅባት የነካው የመሰለ ክብ ይቀራል። በሚዛንም ይታያል፦ አንድ ሊትር ቤንዚን ዕቃው ተቀንሶ ከ720 እስከ 775 ግራም ይመዝናል፣ ነጭ ጋዝ ወደ 800 ይጠጋል። ጥቂት የተቀላቀለ ግን ክብደቱን በአሥር ግራም ያህል ብቻ ስለሚለውጠው ወረቀቱ ይሻላል።

ለመጠባበቂያ የሚቀመጥ ቤንዚን በማይዘጋ ወይም ብርሃን በሚያስገባ ዕቃ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ሙጫ መሥራት ይጀምራል። ማረጋጊያ፣ እነ ስታቢል፣ በእርግጥ ይሠራሉ፤ ግን ትኩስ ቤንዚን ላይ ሲጨመሩ ብቻ። ያረጀውን አያድሱም። መጠኑ ለ10 ሊትር 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ከጨመራችሁ በኋላ አምስት ደቂቃ አስነስታችሁ ካርቡሬተሩ ድረስ አድርሱት። ሞተሩ ለወራት የሚቆም ከሆነ የቤንዚኑን መክፈቻ ዘግታችሁ ኩባያውን አፍስሱ፣ ይህ ከማንኛውም ጠርሙስ ይበልጣል። ቤንዚኑንም ምድጃና ከሰል ካለበት ቤት አርቁት፤ ትነቱ ከባድ ስለሆነ በወለሉ ላይ ተስቦ እሳት ፍለጋ ይሄዳል።

ቱ ስትሮክ ላላቸው

እንደ ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ላሉት ቤንዚን ውስጥ የሚገባው ዘይት ተጨማሪ ሳይሆን ሕይወታቸው ነው። ዘይት የሚመጥነው ፓምፕ የሚሠራ ከሆነ ታንከሩ ውስጥ ምንም አትጨምሩ። ፓምፑ ከተነቀለ በመመሪያው መጠን ቀላቅሉ፦ 1 ለ50 ማለት በሊትር 20 ሚሊ ሊትር፣ 1 ለ25 ማለት 40 ነው። ዘይቱ ጃሶ ኤፍሲ (JASO FC) ወይም ኤፍዲ (FD) የሚል የቱ ስትሮክ ዘይት ይሁን፤ የፎር ስትሮክ ዘይት አመድ ይተዋል። ቀላቅለው የሚነዱ ሰዎች ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ልብ ይበሉ። ጋዝ ዘግቶ በማርሽ ብቻ መውረድ ቤንዚኑን ያቋርጣል፣ ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣው ዘይትም አብሮ ይቋረጣል፤ ሞተሩ እየተሽከረከረ ይደርቃል። በየጥቂት ሰከንዱ ጋዝ ፈንጠቅ እያደረጉ ያስጠጡት።

በተቃራኒው ፎር ስትሮክ ውስጥ «ለቅባት» ብሎ ዘይት መጨመር ኦክቴን ማውረድና ካርቦን መጋገር ብቻ ነው። ልብስ ውስጥ የሚደረገው ነጭ እንክብል፣ ናፍታሊን፣ ድሮ ኦክቴን ይጨምር ነበር፤ ግን በደሴ ብርድ ከቤንዚኑ ተለይቶ ጄት ይደፍናል፣ ዛሬ ከሚሸጡት ብዙዎቹም ክሎሪን ያለበት ሌላ ኬሚካል ናቸው፣ ሲቃጠሉ አሲድ ይሆናሉ። አሴቶን የካርቡሬተር ጎማዎችን ያሳብጣል።

የገዛችሁት ነገር መሥራቱን ለማወቅ ሁለት ሙሌት ሳትጨምሩ፣ ሁለት ሙሌት ደግሞ ጨምራችሁ ለኩ። ሁልጊዜ እስከ አንድ ቦታ ሙሉ፣ የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉ። መንገዱ፣ ጭነቱና የጎማው ንፋስ አንድ ይሁን። በመካከሉ ካንዴላም ዘይትም አትቀይሩ፣ አለዚያ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም። ደሴ ኮምቦልቻን ስትለኩ መውረድና መውጣቱን አንድ ላይ ቁጠሩ። ልዩነቱ በሊትር ከአንድ ሁለት ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ ከነፋሱና ከመንገዱ መጨናነቅ የሚለይ አይደለም።